ደመወዙ ጨምሯል፤ የታካሚው ቁጥር ግን ቅጣት የለውም፦ ረቂቅ ስምምነቱን ልቀበለው ወይስ ልቃወመው?

መነሻ ጽሑፍ

ነርስ ነኝ። ዋሽንግተን አካባቢ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና ታካሚዎች በሚተኙበት ክፍል፣ 9 ዓመት በሌሊት ፈረቃ ሠርቻለሁ። ማኅበራችን ከሆስፒታሉ አስተዳደር ጋር ለወራት ሲደራደር ቆይቶ አሁን ረቂቅ የኅብረት ስምምነት አምጥቶልናል። የፊታችን ማክሰኞ አባላቱ ድምፅ እንሰጥበታለን።

ደመወዙን አልነቅፍም። ለ3 ዓመት በየዓመቱ ጭማሪ አለው፤ የሌሊት አበሉም ከፍ ብሏል። እንቅልፍ የነሳኝ የነርስና የታካሚ ምጣኔ የሚለው አንቀጽ ነው። በእኛ ክፍል ለአንድ ነርስ 5 ታካሚ ይላል። እሰየው! ቀጥሎ ግን አስተዳደሩ ይህን ለማሟላት «ተገቢውን ጥረት ያደርጋል» ይላል። ጥረቱ ባይሳካ ምን እንደሚሆን የሚናገር አንድ መስመር እንኳ የለም። «ይመድባል» ቢል ኖሮ የምንይዘው ነገር ይኖረን ነበር። «ጥረት ያደርጋል» የሚለውን ግን በምን እንይዘዋለን?

ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት 7 ታካሚ ተረክቤ ነበር። ለአንዲት እናት ደም መስጠት ጀመርኩ። ደም ሲሰጥ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ከታካሚው አጠገብ መነሳት አይገባም፤ ሰውነት ደሙን አልቀበልም ካለ ብዙውን ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ያኔ ነውና። በ6ኛው ደቂቃ ከጎን ካለው ክፍል የአልጋው ማንቂያ ደወል ጮኸ። እዚያ የተኙት ግራ የመጋባት ችግር ያለባቸው አዛውንት ናቸው፤ ከወደቁ ዳሌያቸው ይሰበራል። በኮሪደሩ ሌላ ሰው የለም። የእናቲቱን እጅ ለቅቄ ሮጥኩ። አዛውንቱ እግራቸውን ወደ መሬት አውርደው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። አስተኝቻቸው ስመለስ እናቲቱ ደህና ናቸው። ሁለቱም ምንም አልሆኑም፤ በማኅደራቸውም ላይ የተጻፈ ነገር የለም። እኔ ግን የእናቲቱን እጅ የለቀቅኩበትን ቅጽበት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እምቢ ካልን ደግሞ አድማ መውጣታችን ነው ብዬ እፈራለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ የቤት ዕዳም አለብኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ይህን ጥያቄ በውይይት መድረካችን ላይ ከለጠፍኩ በኋላ የመጡት መልሶች እነሆ። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች በየሆስፒታሉ የሚሠሩ በመሆናቸው ማንነታቸው እንዳይታወቅ ቃላቸውን አልጠቀስኩም፤ ሐሳባቸውን በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያዋ ከሚኒሶታ የጻፈች፣ በሥራው ከእኔ ብዙ የቀደመች ነርስ ናት። ሲስተር ብላ ጠራችኝ፤ አገር ቤት እንደቀረሁ ያህል ደስ አለኝ። በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. በሚኒያፖሊስ፣ በሴንት ፖልና በዱሉት 15 ሺህ የሚሆኑ ነርሶች ለ3 ቀን ሥራ ሲያቆሙ እርሷም ከመካከላቸው ነበረች። ማኅበሩ ለ3 ዓመት ከ30 በመቶ በላይ ጭማሪ ጠይቆ ተነሣ። በታኅሣሥ ለሁለተኛ አድማ ቀን ከተቆረጠ በኋላ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል በ18 በመቶ ተስማሙ። ስለ ነርስ ቁጥር ያገኙት ግን ከጠየቁት በታች እንደነበር ሳትደብቅ ነገረችኝ። ምክሯ አጭር ነው፦ ማጠቃለያውን ትቼ ሙሉውን ረቂቅ፣ አባሪዎቹን ጭምር፣ እንዳነብ።

መልስ 2

ነርስ ያልሆነ፣ የሒሳብ ሰው ነኝ ያለ ወንድም ጭማሪውን እንድቀበል መከረኝ። የቤት ኪራይና የልጆች መዋያ ዋጋ በየዓመቱ እንደሚንር አስታውሶ፣ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለው ተረት በእኔ ላይ እንደደረሰ ጻፈ። በቅንነት የተሰጠ ምክር ስለሆነ አልተቀየምኩትም። ነገር ግን ጭማሪው ለእኔ የሚከፈለው ለምን ያህል ታካሚ እንደሆነ ሒሳቡ ውስጥ አላስገባውም።

መልስ 3

ይህ እርማት ነው፤ የታረምኩትም እኔ ነኝ። በማኅበር ተወካይነት ለዓመታት ያገለገለ ሰው እምቢ ማለትና አድማ መውጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በትዕግሥት አስረዳኝ። አባላቱ ረቂቁን ውድቅ ካደረጉት ተደራዳሪዎቹ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳሉ። አድማ ራሱን የቻለ ሌላ ድምፅ ይፈልጋል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ማኅበሩ ለሆስፒታሉ የ10 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ይህ ግዴታ የመጣው በ1974 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኮንግረስ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎችን በሠራተኛ ግንኙነት ሕጉ ሥር ሲያስገባ ነው። ታካሚዎችን ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ጊዜ እንዲኖር ታስቦ ነው። 9 ዓመት መዋጮ ስከፍል ይህን አለማወቄ አሳፍሮኛል። ብዙዎቻችን እንደማናውቀው ግን እርግጠኛ ነኝ፤ አስተዳደሩም በየስብሰባው እምቢ ማለትን ከአድማ ጋር አጣብቆ የሚያቀርበው ይህንኑ ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

መልስ 4

ከካሊፎርኒያ የመጣ ነው። እዚያ ቁጥሩን የያዘው ሕግ እንጂ ስምምነት ብቻ አይደለም። ሕጉ በ1999 እ.ኤ.አ. ተፈርሞ በ2004 ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ እንደ እኔ ባለ ክፍል ለአንድ ነርስ ቢበዛ 5፣ በድንገተኛ ክፍል 4፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል 2 ታካሚ ነው። ጸሐፊዋ ያሰመረችበት ነጥብ ግን ቁጥሩ በእረፍት ሰዓትም የማይሻር መሆኑ ነው። እርሷ ምሳ ስትወጣ ታካሚዎቿን የምትረከብ ሌላ ነርስ ትመደባለች። ወደዚያ ከተዛወረች ወዲህ ምሳዋን ተቀምጣ እንደምትበላ ጻፈች። ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ እራቴን የምበላው መድኃኒት ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ በሁለት ጉርሻ ነው።

መልስ 5 እና 6

አምስተኛው ጸሐፊ የታካሚ ቁጥርን ማሰር ሆስፒታሎችን ለኪሳራ እንደሚዳርግ፣ ነርስ ጨምሩ ሲባሉም ረዳቶችን እንደሚቀንሱ ተከራከረ። ነርሶች ለታካሚ ብለው የሚያነሡት ሁሉ የደመወዝ ጥያቄ መሸፈኛ እንደሆነም አከለበት።

ስድስተኛዋ ቀዝቀዝ ብላ ጀምራ እየጋለች ሄደች። በ2002 እ.ኤ.አ. የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲዋ ሊንዳ ኤከን ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችውን ጥናት ጠቀሰች። በዚያ ግዛት 168 ሆስፒታሎች ውስጥ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ታካሚዎች የተከተለ ነው። በአንድ ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ታካሚው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከዚያ ወንድማችንን እናቱ ቀዶ ሕክምና አድርገው ቢተኙ ስንተኛ ታካሚ ሆነው እንዲመደቡ እንደሚፈልግ ጠየቀችው። አልመለሰም። ረዳቶች ይቀነሳሉ ያለው ግን መናቅ የለበትም እላለሁ፤ አንቀጹ ስለ ረዳቶች ቁጥርም መናገር እንዳለበት የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

መልስ 7

የምፈልገውን ነገር የሰጠኝ ይህ ነው። ከኒው ዮርክ የጻፈ ወንድም ነው። በጥር 2023 እ.ኤ.አ. በማውንት ሳይናይና በሞንቴፊዮሬ ሆስፒታሎች 7 ሺህ ያህል ነርሶች ለ3 ቀን ሥራ አቆሙ። ጋዜጦች በ3 ዓመት የተገኘውን 19 በመቶ ገደማ ጭማሪ አወሩ። ጸሐፊው ግን ትልቁ ድል ጭማሪው እንዳልሆነ ያምናል። በስምምነታቸው መሠረት የነርስ ቁጥር ሲጎድል ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኛ ይሄዳል፤ ዳኛውም ሆስፒታሉ ለተጎዱት ነርሶች ገንዘብ እንዲከፍል መወሰን ይችላል። ስምምነቱ ከተፈረመ ብዙም ሳይቆይ በማውንት ሳይናይ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ለሚሠሩ ነርሶች ከ120 ሺህ ዶላር በላይ ተፈርዶላቸዋል።

ልብ በሉ! ያልተመደበችው ነርስ ደመወዝ ለሆስፒታሉ ትርፍ ሆኖ ይቀር ነበር። እዚህ ግን ገንዘቡ የእርሷንም ሥራ ደርበው ለሠሩት ሄደ። ቁጥር ከቅጣት ጋር ሲታሰር የሚሆነው እንዲህ ነው። የእኛ ረቂቅ ውስጥ የጎደለውም ይህ ነው፤ መነሻ ጽሑፉን ስጽፍ ስሙን አላውቀውም ነበር።

መልስ 8

ከበርሊን ሌላ ዓይነት ቅጣት ተነገረን። በ2021 እ.ኤ.አ. በሻሪቴ ሆስፒታል ነርሶች ለሳምንታት ሥራ አቁመው ባገኙት ስምምነት፣ ሰው በጎደለበት ፈረቃ የሠራ ነጥብ ይያዝለታል። 5 እንዲህ ያለ ፈረቃ የአንድ ቀን እረፍት ያስገኛል። ጸሐፊዋ ከገንዘቡ ይልቅ እረፍቱን ትመርጣለች። የደከመን ሰው ገንዘብ አያሳርፈውም ትላለች፤ እውነቷን ነው።

መልስ 9 እስከ 13

እዚህ ላይ ውይይቱ ተቀጣጠለ። ዘጠነኛው በኤጀንሲ በኩል እየተዘዋወረ የሚሠራ ነርስ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ አድማ የወጡ ነርሶችን ተክቶ መሥራቱን በግልጽ ተናገረ። ታካሚ አልጋ ላይ ተኝቶ ሁሉም ሰው ሊወጣ እንደማይችል፣ አገር ቤት ያሉትን እናቱን የሚያሳክመውም በዚያ ገንዘብ እንደሆነ አስረዳ። አሥረኛዋ አድማ ሰባሪ ብላ ጠራችው፤ ሌላም መድገም የማልፈልገው ቃል ጨመረች። አሥራ አንደኛው እርሷን ገሠጸ፣ አሥራ ሁለተኛው ገሣጩን ገሠጸ።

በ13ኛው መልስ የኤጀንሲው ነርስ ተመልሶ መጣ፤ ስድቡን አልመለሰም። ይልቁንም ከውስጥ የሚያውቀውን ነገረን። ተተኪ ነርሶችን የሚያቀርቡት ኤጀንሲዎች ብዙውን ጊዜ ከ5 ቀን ላላነሰ ጊዜ ካልሆነ ውል አይገቡም። ስለዚህ የአንድ ቀን አድማ የጠራ ማኅበር አባላቱ በማግሥቱ ሲመለሱ በር ተዘግቶ ሊጠብቃቸው ይችላል። አድማ ካሰብን የ5 ቀን ደመወዝ አስቀድመን እንድንቆጥብ መከረ። ሰውየው ባደረገው አልስማማም፤ በዚያ በር አልፌ አልገባም ነበር። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ውይይት ለቤቴ ወጪ የሚሆን ተጨባጭ ምክር የሰጠኝ እርሱ ነው፤ አመሰግነዋለሁ።

መልስ 14

አንዲት እህት በድል ወሬ እንዳንሰክር የዉስተር ማሳቹሴትስን ታሪክ አመጣች። በሴንት ቪንሰንት ሆስፒታል ነርሶች መጋቢት 8 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በነርስ ቁጥር ምክንያት የጀመሩት አድማ 301 ቀን ፈጀ። ሆስፒታሉ ቋሚ ተተኪዎችን ቀጠረ። በሌላው ሁሉ ከተግባቡ በኋላ እንኳ ነርሶቹ ወደየነበሩበት ቦታ መመለስ አለመመለሳቸው ለወራት አከራከረ። በመጨረሻ ተመልሰዋል። ይህን ያነበብኩት ልጆቼ ከተኙ በኋላ ነው፤ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

መልስ 15፣ 16 እና 17

ከአዲስ አበባ የጻፈ ነርስ ስለ መምረጥ መጨነቃችን ራሱ እንዳስቀናው ነገረን። እርሱ የሚሠራው በመንግሥት ሆስፒታል ስለሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አይመለከተውም። ስለዚህ በዚያ አዋጅ የሚፈቀደው የኅብረት ድርድር ለእርሱ የለም። በግል ሆስፒታል ያሉት መደራደር ይችላሉ፤ ሥራ ማቆም ግን ሆስፒታል አስፈላጊ አገልግሎት ተብሎ ስለተዘረዘረ ለእነርሱም ክልክል ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን ይስተካከል ብለው ሥራ ባቆሙ ጊዜ የታሰሩ ጓደኞች እንዳሉት ጻፈ።

16ኛው ሻካራ ነበር። የአገር ቤቱን ጉዳይ ከአሜሪካው ጋር መቀላቀል ውይይቱን ማበላሸት እንደሆነ፣ ፖለቲካ የሚፈልግ ሌላ ቦታ እንዲሄድ አሳሰበ። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ሰውየው ሲስተር የሚለውን ስም ካወጣልን አገር ነው የጻፈው፤ ከእኛ ብዙዎቻችን የተማርነው እርሱ ዛሬ በቆመበት ዋርድ ነው። 17ኛው መልስ ራሱ የእርሱ ነበር። አልተቆጣም። አንድ ነገር ብቻ ለመነ፦ የምንፈርመውን አንቀጽ ቃል በቃል እንድንልክለት። አንድ ቀን ጠረጴዛ ሲገኝ ከባዶ እንዳይጀምሩ።

መልስ 18፣ 19 እና 20

ወጣ ያሉ ናቸው። አንዲት ልጅ የነርስነት ፈቃድ ፈተና ለመቀመጥ የትምህርት ማስረጃዋን ከአገር ቤት ኮሌጅ እንዴት እንደምታስልክ ጠየቀች፤ ሌላዋ መለሰችላት። 20ኛው ስለ መዋጮ አጉረመረመ፦ በቨርጂኒያ መዋጮ መክፈል ግዴታ ስላልሆነ እርሱ እንደማይከፍል፣ ጭማሪውን ግን እንደማንኛውም ሰው እንደሚያገኝ። ከሥሩ አንድ ሰው ወዲያውኑ ስለ ዕድር አስታወሰው፤ መዋጮ ሳይከፍል ድንኳኑ በነጻ እንዲተከልለት የሚፈልግ ጎረቤት በሰፈራችን ምን ይባል እንደነበር።

መልስ 21

ይህ ለእኔ የተጻፈ ነው፤ ሳነበው ፊቴ ጋለ። ያለምንም ሰላምታ ጀመረች። በዚያ 7 ታካሚ በተረከብኩበት ሌሊት የተቃውሞ ቅጹን ሞልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በ9 ዓመት ውስጥ ስንት ቅጽ እንደሞላሁም ጠየቀች። የማያቋርጥ አቤቱታ በመድረክ ላይ፣ ፍጹም ዝምታ በሥራ ቦታ፤ የሐበሻ ነርስ ችግር ይህ እንደሆነ፣ ፊሊፒናዎቹና ጃማይካዎቹ ሲጽፉ እኛ ወረቀቱን እጥፍ አድርገን ኪሳችን እንደምንከት ጻፈች።

መልሱ ዜሮ ነው። አንድም ቅጽ አልሞላሁም።

መልስ 22 እና 23

ቅጹ ምን እንደሆነ ለማያውቁ 22ኛዋ አብራራች። ተረኛ ኃላፊ ነርስ ሆና ስለምትሠራ ከሁለቱም ወገን ታየዋለች። ነርሷ ምደባው ለታካሚ አደገኛ ነው ብላ ካመነች በርክክብ ሰዓት ለኃላፊዋ በቃል ትናገራለች። ካልተስተካከለ ታካሚዎቹን ተረክባ ሥራዋን ትቀጥላለች፤ ተቃውሞዋን ግን በቅጹ ላይ ታሰፍራለች። ቀን፣ ሰዓት፣ የታካሚ ብዛት፣ የነርሶችና የረዳቶች ብዛት፣ ለማን እንደተነገረ፣ ምን እንደተመለሰ። የታካሚ ስም አይጻፍም። አንዱ ቅጂ ለኃላፊው፣ አንዱ ለማኅበሩ፣ አንዱ ለራሷ። በድርድር ጊዜ አስተዳደሩ የነርስ እጥረት የለም ሲል ማኅበሩ የሚያቀርበው ይህን ነው። ግልግል ዳኛም ቢሆን የሚያየው ወረቀት ነው። ከእኔ ክፍል አንድም ቅጽ ካልሄደ፣ በማኅበሩ መዝገብ የእኔ ክፍል ችግር የለበትም ማለት ነው። ይህን ስታስረዳ አልዘለፈችኝም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አመመኝ።

23ኛው በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን አስታውሶ አለፈ። እኔ ያደግኩት ዝም አይነቅዝም እየተባልኩ ነው። እናቴ ስትለው ለቤታችን ሰላም ነበር።

መልስ 24 እና 25

አንዲት እህት የጥገኝነት ጉዳይዋ ገና ስላልተወሰነ ቅጽ መሙላትም ሆነ ድምፅ መስጠት እንደምትፈራ በሁለት መስመር ጻፈች። የ3ኛው መልስ ወንድም ተመልሶ አረጋጋት። ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ሆኖ ስለ ሥራ ሁኔታ መናገርና በማኅበር መሳተፍ በሕጉ የተጠበቀው በዜግነት ወይም በመኖሪያ ፈቃድ ተለይቶ አይደለም። የተጠራችበት ስብሰባ ወደ ቅጣት ሊያመራ ይችላል ብላ ከሠጋችም የማኅበር ተወካይ አብሯት እንዲገኝ መጠየቅ ትችላለች። ይህ በ1975 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጸና መብት ነው። ጥያቄውን ግን ራሷ በአፏ ማቅረብ አለባት፤ አሠሪው መብት አለሽ ብሎ አይነግራትም።

መልስ 26

የእኔ ነው። ማክሰኞ «አልቀበልም» ብዬ ድምፅ እንደምሰጥ፣ ከዚያ በፊት ግን እሑድ በሚደረገው የአባላት ስብሰባ ተነሥቼ ሦስት ነገር እንደምጠይቅ ጻፍኩ። «ጥረት ያደርጋል» ወጥቶ «ይመድባል» ይግባ። ቁጥሩ በእረፍት ሰዓትም ይጠበቅ፤ የረዳቶችም ቁጥር ይጻፍ። ሲጎድል ደግሞ ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኛ ሄዶ የጎደለችው ነርስ ደመወዝ ደርበው ለሠሩት ይከፈል። አብላጫው ረቂቁን ከተቀበለ ግን አከብራለሁ፤ ማኅበር ማለት ይህም ነውና። ለአዲስ አበባው ወንድሜም የአንቀጹን ቃል ልኬለታለሁ፤ ሲሻሻልም እልክለታለሁ።

ለ21ኛዋ እህት ደግሞ ይህን ጨመርኩ። ትናንት ማታ 6 ታካሚ ተመደቡልኝ። ለኃላፊዋ ተናገርኩ፤ የምትልክልኝ ሰው እንደሌላት ነገረችኝ። ቅጹ ከነርሶች ጣቢያ ጀርባ፣ ከጓንት ካርቶኖቹ በላይ ባለው መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ለማግኘት ሁለት ሰው ጠየቅኩ። ምሽት 7፡40 ብዬ ሰዓቱን ጻፍኩ። ኃላፊዬ ቅጂዋን ስትቀበል አልተቆጣችም፤ አንብባ ፈረመችበትና አጠገቤ ላለችው ለኤርትራዊቷ ነርስ ሌላ ባዶ ቅጽ አቀበለቻት።